የቦልደር ከተማና ሁለቱ ባዕዳን አቶሞች

በአሜሪካ አገር በኮሎራዶ ግዛት፤ ከሮኪ ተራሮች ግርጌ፤ ቦልደር የምትባል ከተማ አለች። ወደ ምዕራብ የተመለከተ ሰው ፍላታይረንስ የሚሏቸው ታላላቅ ቀያይ ቋጥኞች ተራራውን ተደግፈው እንደ ቆሙ ሰሌዳዎች ሆነው ያያቸዋል። እኛ ግን ከተማይቱን በዓለም ያስጠራት ተራራዋ ብቻ አለመሆኑን ለአንባቢዎቻችን ልንገልጥ እንወዳለን። ዓመቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በዩኒቨርሲቲው ግቢ በ1962 የተቋቋመ ጂላ የሚባል የምርምር ቤት ይገኛል። በውስጡ የሚታየው በጠረጴዛ ላይ የተደረደረ የመስተዋት ብዛት ነው፤ በመካከሉም አየሩ ተመጥጦ የወጣለት ትንሽ የብርጭቆ ዕቃ አለ። ኤሪክ ኮርኔልና ካርል ዋይማን በ1995 የሩቢዲየምን አቶሞች ወደ መጨረሻው የብርድ ወሰን፤ ይኸውም ከዜሮ በታች ወደ 273 ዲግሪ፤ እጅግ አቅርበው እንደ አንድ አካል እንዲሆኑ አደረጉ። ስለዚህም በ2001 ከቮልፍጋንግ ኬተርሌ ጋራ የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ፖታሲየም 40 የሚባለው አቶም ግን ጠባዩ ሌላ ነው። በአንድ ዓይነት ሁኔታ ያሉት አቶሞቹ በዚያ ብርድ እርስ በርሳቸው አይጋጩም፤ ካልተጋጩም ሙቀታቸውን ሊከፋፈሉ አይችሉም። ረዳቱ የተገኘው ከባዕድ ወገን ነው፤ ሩቢዲየም በጎኑ ሆኖ ሲቀዘቅዝ ጎረቤቱንም ያቀዘቅዘዋል።

ከዚህም የሚያስደንቀው የሁለቱን መሳሳብና መገፋፋት ሰው በፈቃዱ ሊለውጠው መቻሉ ነው። በዕቃው ዙሪያ በተጠመጠመው ሽቦ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ሲጨመርና ሲቀነስ የማግኔቱ ኃይል ይለወጣል፤ ወደ 546 ጋውስ ሲቃረብም መሳሳቡ እጅግ ይበረታል፤ ወይም ወደ መገፋፋት ይመለሳል። ነገር ግን እጅግ ከቀረቡ ሦስት አቶሞች ባንድነት ይገናኛሉ፤ ሁለቱ ሲጣመሩም ሦስቱ ከወጥመዱ ይጠፋሉ፤ ድካሙም ከንቱ ይሆናል።

ዲቦራ ጂን የተባሉት ሴት ሊቅ ከጁን ዬና ከባልንጀሮቻቸው ጋራ በ2008 ማግኔቱን በመጠን እየለወጡ ፖታሲየምንና ሩቢዲየምን በልል ማሰሪያ አስተሳሰሩ፤ ከዚያም በሁለት የሌዘር ብርሃን ማሰሪያውን አጠበቁት። በ2010 ደግሞ እነዚህ ጥንዶች በዚያ ብርድ እንኳ ሲገናኙ ተለዋውጠው እንደሚፈርሱ አሳወቁ። ጂን በ2016 በ47 ዓመታቸው ዐረፉ። ሥራቸው ግን አልተቋረጠም፤ በ2019 በዚያው ቤት የጥንዶቹ ጋዝ ራሱ በኳንተም ሥርዐት የሚገዛ ሆኖ ታየ።

እንግዲህ ባዕድን ከባዕድ ማቀራረብ እንደሚቻል ቦልደር አስረዳች። ጥበቡ ግን በማቀራረቡ ብቻ ሳይሆን መጠኑን በማወቁ ነው።