አሮጌው ሌንስና አዲሱ ካሜራ

በእኛ በተማሪዎች መካከል የሲኒማ ነገር በተነሣ ቁጥር ወሬው የሚያልቀው በመሣሪያ ነው። አንዱ፣ «ካሜራ ቢኖረኝ ኖሮ» ይላል፤ ሁለተኛው፣ «ካሜራውስ ይገኛል፤ ሌንሱ ነው እንጂ» ብሎ ይቀበለዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ የሲኒማ ሌንስ የአንድ ቀን ኪራይ ስንት እንደ ሆነ ይነግረንና ሻያችንን ጨልጠን እንበተናለን። በዚህ ዓይነት ስንት ፊልም ገና ሳይወለድ በሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀበረ! እኛ አምስት የአርትስ ተማሪዎች ግን «ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም» በሚለው ተረት ተደፋፍረን፣ ለፎቶግራፍ የተሠራ አሮጌ ሌንስ በዲጂታል የሲኒማ ካሜራ ላይ ገጥመን አንድ አጭር ፊልም ቀርፀናል። ከዚህም ሥራ ያገኘነውን ትምህርት ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ማካፈል ተገቢ መስሎ ስለታየን ይህን ጽሑፍ አቀረብን።

አስቀድመን ስለ ዕቃው እንናገር። ሌንሱ ሄሊዮስ 44-2 ይባላል። የትኩረት ርዝመቱ 58 ሚሊሜትር፣ የብርሃን መግቢያው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ደግሞ ኤፍ 2 ነው። የአንዳችን አጎት በሶቪየት ኅብረት ተምረው ሲመለሱ ይዘውት ከመጡት የዜኒት ካሜራ ላይ የተፈታ ነው። ዜኒቱ መሥራት ካቆመ ዘመን የለውም፤ መስተዋቱ ግን እንደ ጠራ ነው። የሄሊዮስ ዘር ቢቆጠር ወደ ጀርመን አገር ይወስደናል፤ ሶቪየቶች የሠሩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የየናው ካርል ዛይስ ያወጣውን ቢዮታር የተባለውን ሌንስ አብነት አድርገው ነውና። በሞስኮ አጠገብ ባለችው በክራስኖጎርስክ ከተማና በሌሎችም ፋብሪካዎች እጅግ ብዙ ስለ ተመረተ ዋጋው ከሲኒማ ሌንስ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ካሜራው በሠርግ ቀረፃ የሚተዳደር አንድ ወዳጃችን ሠርግ በሌለበት በጾም ወራት ያዋሰን ብላክማጂክ ፖኬት ሲኒማ 6ኬ ነው። ይህ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሲሆን ሌንስ የሚቀበለው በካኖን ኢኤፍ አፍ ነው። እንግዲህ የሩሲያን ሌንስ ከካኖን አፍ ጋር ማን ያስታርቃል? ነገሩ በአንዲት ቀጭን የብረት ቀለበት ይፈታል። እያንዳንዱ የሌንስ ዓይነት ከተገጠመበት አፍ እስከ ፊልሙ ወይም እስከ ሴንሰሩ ድረስ የተወሰነ ርቀት አለው። ኤም 42 የሚባለው የዜኒት ብሎን ርቀቱ 45.46 ሚሊሜትር ነው፤ የካኖን ኢኤፍ 44 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ 1.46 ሚሊሜትር ስለሆነ ቀለበቷ ይህችን ክፍተት ትሞላለች፤ ሌንሱም ከቅርብ ፊት እስከ ሩቅ ተራራ ድረስ አጥርቶ ያያል። የኒኮን ኤፍ አፍ ግን 46.5 ሚሊሜትር ነው፤ ርቀቱ ገና ከመጀመሪያው ስለበለጠ ያው ሌንስ ተጨማሪ መስተዋት ካልገባለት ሩቁን ማጥራት አይችልም። ስለዚህ ቀለበት ከመግዛት በፊት ሁለቱን ቁጥሮች ማቀናነስ ያስፈልጋል።

የፎቶግራፍ ሌንስ ለሲኒማ ማዋል የድሆች ብልሃት ብቻ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የስታንሊ ኩብሪክ «ባሪ ሊንደን» በሻማ ብርሃን የተቀረፁ ትዕይንቶች አሉት። ለእነርሱ የዋለው ካርል ዛይስ ለአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ለናሳ የሠራው የ50 ሚሊሜትር ኤፍ 0.7 የፎቶግራፍ ሌንስ ነበር። ከእኛ ሄሊዮስ ስምንት እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። እርሱን ለመግጠም ግን ሚቸል የተባለው ትልቅ የፊልም ካሜራ ተፈልፍሎ መስተካከል ነበረበት። ለእኛ አንዲት ቀለበት በቃችን።

ዛሬም ባለጸጎቹ ሳይቀሩ አሮጌ ሌንስ ይፈልጋሉ። ምክንያቱም አዲሱ ሴንሰርና አዲሱ ሌንስ አንድ ላይ ሲሆኑ ሥዕሉ አንዳንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ይሰላል፤ የሰው ፊት ቆዳ በአጉሊ መነጽር የሚመረመር ይመስላል። የአሮጌው ሌንስ መስተዋት የተቀባው ነጸብራቅ መከላከያ ግን ስስ ነው። ብርሃን ከፊት ለፊት ሲመጣበት በመስተዋቶቹ መካከል ይመላለስና በሥዕሉ ላይ እንደ ስስ ጭጋግ ይረባበታል፤ ጥቁሩ ይፈካል፣ ነጩ ይለዝባል።

ውበቱን ካነሣን ችግሩንም መደበቅ የለብንም። አንደኛ፣ የእኛ ካሜራ ሴንሰር ወርዱ 23.10 ሚሊሜትር ብቻ ሲሆን የፎቶግራፍ ፊልም 36 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ 58ቱ ሚሊሜትር በፎቶግራፍ ካሜራ ላይ እንደ 90 ሚሊሜትር ያህል ሆኖ ያጠብባል፤ በጠባብ ቤት ውስጥ ጀርባችን ከግድግዳ ጋር እየተላተመ ሠርተናል። ሄሊዮስ የታወቀበት በሥዕሉ ዳር እንደ አዙሪት የሚዞረው ብዥታም አብዛኛው ተቆርጦ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ፎከስ ሲለወጥ ሌንሱ ይረዝማል፤ የሥዕሉም ስፋት ጥቂት ይቀየራል። ሦስተኛ፣ እንደ ሲኒማ ሌንስ ጥርስ የለውም፤ ነጭ ፕላስተር ለጥፈን በእርሳስ ምልክት አድርገን በእጃችን ነበር የምናዞረው። በአንድ ነገር ግን ከብዙ የፎቶግራፍ ሌንሶች ይሻላል፤ የብርሃን መግቢያውን የሚዘጋው ቀለበት ቀጭ ቀጭ ሳይል ለስልሶ ይዞራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ፊልማችን ስለ አንድ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበር። ሽማግሌው ዓይናቸው እየደከመ ስለ ሄደ በእጃቸው ያለውን ጥበብ ከጨረሱ በኋላ መወርወሪያውን እንደሚያስቀምጡ ነግረውናል። ስለዚህ «ሌላ ቀን እንደግመዋለን» የሚባል ነገር አልነበረም። የሙከራው ዕለት ማታ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። ሁለቱ፣ «በኤፍ 2 ከቅርብ እንቅረፅ፤ ፊታቸው ብቻ ይጥራ፣ የቀረው ይደብዝዝ፤ የሌንሱ ውበት እዚያ ላይ ነው» አሉ። ሁለቱ ደግሞ፣ «ጉድጓዱ፣ ድሩ፣ የተሰነጠቀው ግድግዳ፣ በር ላይ የሚጫወቱት ልጆች ሕይወታቸው ናቸው፤ እነዚህን ለውበት ብለን ብናጠፋቸው ሰውየውን ከቤታቸው አውጥተን የቱሪስት ካርድ አደረግናቸው ማለት ነው» ብለው ተቃወሙ። አምስተኛው እንደ ልማዱ ስሌት ያዘ። ከአንድ ሜትር ተኩል በኤፍ 2 ጥርት የሚለው ክልል አምስት ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ሽማግሌው መወርወሪያውን ሲወረውሩ ጎንበስ ቢሉ ከዚያ ወጡ። ወደ በሩ አፈግፍገን ከሦስት ሜትር በኤፍ 5.6 ብንቀርፅ ግን ክልሉ 60 ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል፤ ሰውየውም ሸማውም ይገቡበታል። ብርሃኑ በስምንት እጥፍ ይቀንሳል፤ ካሜራው ደግሞ ከአይኤስኦ 400 ወደ 3200 ሲሄድ ልክ ስምንት እጥፍ ያካክሳል። የአሮጌው ሌንስና የአዲሱ ካሜራ ጋብቻ የጠቀመን እዚህ ላይ ነው፤ በፊልም ዘመን በአንድ ጥቅልል መካከል እንዲህ ያለ ለውጥ የማይታሰብ ነበር።

በማግሥቱ ሁለቱንም ሙከራ ለባለቤቱ አሳየናቸው። ሽማግሌው የመጀመሪያውን በኤፍ 2 የተቀረፀውን ጥቂት ዝም ብለው ተመለከቱና፣ «ፊቴስ ይሁን ልጆቼ፤ ሸማው ወዴት ሄደ?» አሉን። የልጅ ልጃቸው ግን፣ «አባባ፣ እኔስ ይሄኛው ነው የሚያምረኝ» ብላ ከእርሳቸው ተለየች። ሁለቱም እውነት አላቸው። ስለዚህ የሥራውን ክፍል ሁሉ በኤፍ 5.6 ቀረፅን። ከወንዶች ልጆቻቸው አንዱም ሙያውን እንዳልያዘ ያወጉን ጊዜ ብቻ ቀለበቱን ወደ ኤፍ 2 ከፈትነው። እዚያ ላይ ሸማው ከኋላቸው እየደበዘዘ መሄዱ ነገሩን ራሱን ይናገር ነበር።

ከዚህ ሥራ የተረዳነው ይህ ነው። አሮጌ ሌንስ አሮጌ ስለሆነ ብቻ ጥበብ አይሰጥም። የሚናገረው ነገር የሌለው ሰው ብዥታና ጭጋግ ቢያበዛ ባዶነቱን አይሸፍንለትም። የዚህ ዕቃ ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ራሱ የሚያደርገው ነገር ስለሌለ ሁሉንም እኛን ይጠይቀናል። ርቀቱን በልብስ ሰፊ ሜትር እንለካለን፤ ብርሃኑን እንመርጣለን፤ ምን ይጥራ፣ ምን ይደብዝዝ ብለን እንከራከራለን። ይህን ክርክር ያለፈ ሰው ነገ ውድ የሆነውን የሲኒማ ሌንስ ቢያገኝ ምን እንደሚያደርግበት ያውቃል።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በየቤታችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ የአባት ወይም የአጎት ካሜራ እንዳለ ፈትሹ። ስታገኙም አትቸኩሉ፤ በመስተዋቱ ውስጥ የባትሪ ብርሃን አብሩና እንደ ሸረሪት ድር የሚመስል ሻጋታ እንዳለ ተመልከቱ፤ የብርሃን መግቢያው ስለቶች ዘይት ጠጥተው እንዳልተጣበቁና የፎከሱ ቀለበት እንደሚዞር አረጋግጡ። እነዚህ ከተበላሹ «ከእጅ አይሻል ዶማ» ነውና ገንዘባችሁን አታባክኑ። ደኅና ከሆነ ግን ለካሜራው ሰው ፈልጉ፤ ቀለበቷን እኛ እናውሳለን። ስትመልሱ የሌንሱን ክዳን አብራችሁ እንዳታስቀሩብን አደራ።