የአሮጌ ሰንደቅ ዋጋ
ከባልቲሞርና ከዋሽንግተን የጉዞ ማስታወሻ

አንድ አሮጌ የጦር ሰንደቅ ስንት ያወጣል? ይህን ጥያቄ ለነጋዴ ያቀረበ ሰው መልሱን በገንዘብ ያገኛል። ለወታደር ያቀረበ ሰው ግን መልስ ከማግኘቱ በፊት «የማን ነበር? ማን ተሸከመው? አንተስ ከማን እጅ ተቀበልኸው?» ተብሎ ይጠየቃል። ሁለቱ የአመዛዘን መንገዶች ፈጽሞ የማይገናኙ ይመስላሉ። በመጨረሻ ግን አንድ ቦታ ላይ እንደሚገናኙ የተረዳነው ለአጭር ትምህርት ወደ አሜሪካ ተልከን በነበረበት ጊዜ፣ በዕረፍት ቀኖቻችን የባልቲሞርንና የዋሽንግተንን ከተሞች በጎበኘንበት ወቅት ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ቢሆንም የጦር ሰፈራችንን ቤተሰብ በቅርብ የሚነካ ሆኖ ስላገኘነው ያየነውን ለውድ አንባብያን እናካፍላለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰንደቁ የተሰፋባት ቤት

ባልቲሞር የወደብ ከተማ ነች። ከወደቡ ብዙም ሳይርቅ በፕራት ጎዳና ማዕዘን ላይ በ1793 የተሠራች አንዲት የጡብ ቤት ትገኛለች። ዛሬ ሙዚየም የሆነችው ይህች ቤት በአንድ ወቅት ሜሪ ፒከርስጊል የተባለች ባሏ የሞተባት ሴት መኖሪያና የሥራ ቦታ ነበረች። ሴትዮዋ ቤተሰቧን የምታስተዳድረው ለመርከቦችና ለጦር ክፍሎች ሰንደቅ በመስፋት ነበር።

በ1813 በጋ አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋር በጦርነት ላይ ሳለች፣ የባልቲሞርን ወደብ የሚጠብቀው የማክሄንሪ ምሽግ አዛዥ ሻለቃ ጆርጅ አርሚስቴድ ጠላት ከሩቅ ሊያየው የሚችል እጅግ ትልቅ ሰንደቅ እንዲሠራለት ፈለገ። ለፒከርስጊልም ሁለት ሰንደቆች ታዘዙ። አንደኛው የምሽጉ ዋና ሰንደቅ ሲሆን ርዝመቱ 12.8 ሜትር፣ ቁመቱ 9.1 ሜትር ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ለዝናብና ለነፋስ ጊዜ የሚውል አነስ ያለ ነበር። ለትልቁ 405 ዶላር ከ90 ሳንቲም፣ ለትንሹ 168 ዶላር ከ54 ሳንቲም ተከፈለ። ይህ የተጻፈበት ደረሰኝ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። አንባብያን ይህን ደረሰኝ በልቡናቸው እንዲይዙልን እንለምናለን፤ ቁም ነገሩ ወደ ኋላ ይመጣልና።

የዚህችን ቤት ክፍሎች ተዘዋውሮ ያየ ሰው 12 ሜትር ጨርቅ የሚዘረጋበት ቦታ እንደሌለ ወዲያውኑ ይገነዘባል። ሰፊዎቹም ቦታው ስላልበቃቸው በአቅራቢያው በሚገኝ የቢራ መጥመቂያ ወለል ላይ ዘርግተው ነበር የገጣጠሙት። ጭረቶቹ ከስስ የሱፍ ጨርቅ፣ ኮከቦቹ ከጥጥ የተሠሩ ናቸው። የሱፉ ጨርቅ ስፋት ለአንድ ጭረት ስለማይበቃ እያንዳንዱ ጭረት ከአንድ በላይ ቁራጭ ተጋጥሞ የተሰፋ ነው። ይህ ሁሉ የእጅ ስፌት ነበር፤ የስፌት መኪና ገና አልተስፋፋምና።

ከፒከርስጊል ጋር የሰፉት ልጇ ካሮላይንና የወንድሟ ልጆች ነበሩ። ከእነርሱም ጋር ግሬስ ዊሸር የምትባል የ13 ዓመት ጥቁር ልጅ ነበረች። ግሬስ ከነፃ እናት የተወለደች ስትሆን፣ እናቷ ለስድስት ዓመት በውል አገልጋይነት የቤት ሥራና ስፌት እንድትማር ለፒከርስጊል ሰጥታት ነበር። ለብዙ ዘመን ስሟን የሚያነሳ አልነበረም። በዚያ ሰንደቅ ጥላ ሥር ባርነት እስከ 1865 ድረስ ሕጋዊ ሆኖ መቆየቱን ስናስታውስ፣ የአንዲት አገልጋይ ልጅ መርፌ በዚያ ጨርቅ ውስጥ ማለፉ ትርጉሙ ቀላል አይደለም። ታላላቅ ቅርሶች ስማቸው ባልተጻፈ እጆች እንደሚሠሩ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

ምሽጉና ሌሊቱ

የማክሄንሪ ምሽግ በባሕር በተከበበ አንድ ልሳነ ምድር ላይ ባለ አምስት ማዕዘን ኮከብ ቅርጽ ይዞ በጡብ የተገነባ ነው። የእንግሊዝ መርከቦች መስከረም 13 ቀን 1814 ማለዳ ጀምረው ለ25 ሰዓት ያህል ምሽጉን በቦምብና በሮኬት ደበደቡት። ሌሊቱን ዝናብ ስለነበር በምሰሶው ላይ የነበረው ትንሹ ሰንደቅ እንደሆነ ይታመናል። ሲነጋ ግን ትልቁ ሰንደቅ ተሰቀለ። ስለ አንድ ምርኮኛ መፈታት ሊደራደር ሄዶ በመርከብ ላይ የነበረው ጠበቃ ፍራንሲስ ስኮት ኪ ይህን አይቶ ግጥም ጻፈ። ግጥሙም በ1931 የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር ሆነ።

ዛሬ በምሽጉ ምሰሶ ላይ የሚውለበለበው በመጀመሪያው ልክ የተሠራ አምሳያ ነው። የምሽጉ ጠባቂዎች ጎብኚዎችን አሰልፈው ይህን የሚያህል ሰንደቅ አብረዋቸው እንዲዘረጉና እንዲያጥፉ ያደርጋሉ። እኛም ከአዛውንቶችና ከሕፃናት መካከል ቆመን ጠርዙን ይዘን ነበር። ነፋስ ሲገባበት ምን ያህል እንደሚጎትት የተረዳነው በዚያን ጊዜ ነው። አምሳያው በመጠንም ሆነ በመልክ ከመጀመሪያው አይለይም፤ እንዲያውም ምሉዕ ነው፣ ቀለሙም አልደበዘዘም። ሆኖም ማንም ሰው እንዲነካው ይፈቀዳል፤ ሲያረጅም በሌላ ይተካል። መጀመሪያው ግን በመስታወት ጀርባ ተቀምጦ በቀንና በሌሊት ይጠበቃል። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ አንደኛው በዚያ ማለዳ በቦታው ነበረ፣ ሌላኛው አልነበረም።

በጨለማ የሚኖረው ሰንደቅ

ዋናውን ሰንደቅ ያየነው በዋሽንግተን በአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ክፍሉ እጅግ ጨለማ ነው፤ ብርሃን የጨርቅ ጠላት ስለሆነ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ሰንደቁ አልተሰቀለም፤ የራሱን ክብደት መሸከም ስለማይችል በጥቂቱ ዘንበል ባለ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል።

ርዝመቱ ዛሬ 10.4 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከ15ቱ ኮከቦች አንዱ የለም። ብዙ ሰው ቀዳዳዎቹን የጠላት ቦምብ ያደረሳቸው ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሰንደቁ ከሻለቃው ወደ ባለቤቱ፣ ከእርሷም ወደ ልጇ፣ ከዚያም ወደ ልጅ ልጁ ሲተላለፍ በቤተሰቡ ዘንድ ቆይቷል። በዚያ ዘመን ልማድ መሠረት ቤተሰቡ ለዘማቾችና ለታላላቅ ሰዎች ቁራጭ እየቆረጠ በስጦታ ያድል ነበር። የጎደለው ኮከብም እንዲሁ ተቆርጦ የተሰጠ ነው፤ የት እንዳለ አይታወቅም። ጠላት ያልቆረጠውን ፍቅር ቆረጠው ማለት ነው። የልጅ ልጁ በ1907 ለሙዚየሙ በውሰት፣ በ1912 ደግሞ ለዘለቄታው በስጦታ ሰጠው።

በ1914 አሚሊያ ፋውለር የተባለች ባለሙያ ከሴት ሰፊዎች ጋር ሆና ሰንደቁን ከበፍታ ጨርቅ ጋር ወደ 1.7 ሚሊዮን በሚደርስ ጥልፍ አጣበቀችው። በዘመኑ ታላቅ ሥራ ነበር፤ ሰንደቁንም አተረፈው። በ1998 የተጀመረው አዲስ ጥበቃ ግን ያ በፍታ ራሱ አሮጌውን ሱፍ ይጎዳው እንደነበር ስላመለከተ ባለሙያዎቹ ጥልፉን አንድ በአንድ ቆርጠው አነሱት። የጎደለውን ኮከብ ግን አልተኩትም፤ የተቆረጠውንም ጫፍ አልቀጠሉትም። ሰንደቁ የደረሰበትን ሁሉ ይዞ እንዲታይ ወሰኑ። ሰንደቁን አዲስ ማስመሰል ምስክርነቱን ማጥፋት እንደሆነ ተረድተዋልና።

አዋቂዎች እንዴት ይመዝናሉ?

አሮጌ ሰንደቅ የሚመረምሩ ሰዎች መጀመሪያ የሚያዩት ጨርቁን ነው። ሱፍ፣ ጥጥና ሐር ከጥንት ጀምሮ ነበሩ። ናይሎን ግን በ1930ዎቹ መጨረሻ የመጣ ነው። እንግዲህ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት የተገኘ ነው የተባለ ሰንደቅ ናይሎን ሆኖ ከተገኘ ራሱ በራሱ ላይ መስክሯል። ቀጥሎ ስፌቱ ይታያል፤ በመኪና የተሰፋ ከሆነ የስፌት መኪና ከተስፋፋበት ከ1850ዎቹ ብዙ ቀድሞ ሊሠራ አይችልም። ሆኖም አሮጌ ሰንደቅ ኋላ በመኪና ተጠግኖ ሊሆን ስለሚችል ጥገናውን ከመጀመሪያው ስፌት መለየት ያሻል።

ከዚያ ደግሞ አበላሸቱ ይመረመራል። በምሰሶ ላይ የዋለ ሰንደቅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚበጣጠሰው ከምሰሶው በራቀው ጫፉ በኩል ነው፤ ነፋስ የሚገርፈው እሱን ነውና። በሁሉም ወገን እኩል የተቀደደና በሻይ ውኃ የተነከረ መስሎ እኩል የቆሸሸ ሰንደቅ ግን ያስጠረጥራል። ይህ የሐሰተኞች የታወቀ ዘዴ ነው።

ዓርማም ዘመንን ይናገራል። በአገራችን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሰንደቅ ላይ ዘውድ የጫነ አንበሳ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ምልክት ነው። ከ1974ቱ ለውጥ በኋላ ዘውዱ ከአንበሳው ራስ ወርዷል። ኮከብ ያለበት ሰማያዊ ክብ የመጣው ደግሞ በ1996 ነው። ይሁን እንጂ ዓርማ የሚያስረዳው ሰንደቁ ከዚያ ጊዜ በፊት ሊሠራ አለመቻሉን ብቻ ነው፤ ባለ አንበሳ ሰንደቅ ዛሬም ይሰፋልና አንበሳውን ማየት ብቻውን የዕድሜ ማስረጃ አይሆንም።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የእጅ ለእጅ ታሪኩ ነው። በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት በ1779 እና በ1780 የእንግሊዙ መኮንን ባናስትር ታርልተን የማረካቸው አራት ሰንደቆች በቤተሰቡ እጅ ከ200 ዓመት በላይ ቆይተው በ2006 በኒው ዮርክ በጨረታ ቀረቡ። አራቱ በአንድነት ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጡ። ይህን ያህል ያስከፈለው ጨርቁ አይደለም። ከማን፣ የትና መቼ እንደተወሰዱ፣ ከዚያም በማን እጅ እንደቆዩ ሳይቋረጥ መታወቁ ነው። የፒከርስጊል ደረሰኝም የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው። የነጋዴውና የወታደሩ ሚዛን የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም «የማን ነበር?» የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ዋጋ ሊሰጡ አይችሉም።

ይሁንና ወታደሩ ከነጋዴው አንድ እርምጃ አልፎ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ከባልቲሞሩ ውጊያ ስድስት ወር ያህል ቀደም ብሎ መጋቢት 30 ቀን 1814 የጠላት ጦር ፓሪስ ደጃፍ ሲደርስ፣ የአረጋውያን ወታደሮች መኖሪያ የሆነው የኢንቫሊድ አዛዥ ማርሻል ሴሩሪዬ ከልዩ ልዩ ጦርነቶች የተማረኩትን ከ1,400 በላይ ሰንደቆች በግቢው ውስጥ አቃጠላቸው። እነዚያ ሰንደቆች በገበያ ስንት ባወጡ ነበር! ነገር ግን በደም የተገኘው በፍርሃት እንዳይመለስ አመድ መሆኑ ተመረጠ።

በየቤታችን ሳጥን ውስጥ

ይህን ሁሉ ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። በጦር ሰፈራችን በየቤቱ ሳጥን ውስጥ አባት ወይም አያት ያመጡት የሻምበል ምልክት፣ ተበጣጥሶ የወረደ ሰንደቅ፣ ከዘመቻ የተረፈ ባንዲራ ይገኛል። ባለታሪኮቹ ግን እያረጁ፣ እያለፉም ናቸው። አንድ ሽማግሌ ሳይናገር ባረፈ ቁጥር አንድ ሰንደቅ ወደ ጨርቅነት ይለወጣል። በዚያን ጊዜ ገዢ መጥቶ በጥቂት ብር ቢወስደው ልጆች የሚያጡትን አያውቁም።

ስለዚህ እናቶችና እኅቶች ሆይ፣ የቤቱ ሳጥን ቁልፍ በእናንተ እጅ ነውና የሚከተለውን አደራ እንላለን፦

አሮጌ ሰንደቅ አይታጠብም፣ አይተኮስም። ቀለሙ ይለቃል፣ ክሩም ይበጠሳል፤ እድፉም ቢሆን ምስክር ሊሆን ይችላል። ከተቻለ አይታጠፍ፤ በተደጋጋሚ የታጠፈበት መስመር ይሰነጠቃልና። ታጥቦ በደረቀ ንጹሕ ነጭ አቡጀዲ በተጠቀለለ ወፍራም ዘንግ ላይ ልል አድርጎ መጠቅለል ይሻላል። በላስቲክ ከረጢት አይታሸግ፤ እርጥበት ይይዛልና። በፀሐይ ፊት፣ ከምድጃ ጢስ አጠገብም አይሰቀል። ብል እንዳይገባበት በየጊዜው ይታይ። ቀዳዳውን ለመድፈን መርፌም ሙጫም አይነካው። ለወዳጅ ተብሎም ቁራጭ አይቆረጥለት፤ የባልቲሞሩ ኮከብ የጠፋው እንዲህ ነውና።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ወረቀት ይጻፍ። ሰንደቁን ያመጣው ማን እንደሆነ፣ የየትኛው ክፍል እንደነበረ፣ የት ቦታና በየትኛው ዘመን እንደተያዘ፣ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ አዛውንቱ በሕይወት ሳሉ ከአንደበታቸው ተጠይቆ ቀኑና የጠያቂው ስም ሰፍሮበት ከሰንደቁ ጋር ይቀመጥ። በሰንደቁ ላይ ግን በቀለምም በእስክሪብቶም አይጻፍ። እናት የማትጽፍ ከሆነች ትምህርት ቤት ያለው ልጅ ይጻፍ፤ ለልጁም ከዚህ የተሻለ የታሪክ ትምህርት አናውቅም። የክፍሉ የሆነ ሰንደቅ ደግሞ ከነወረቀቱ ወደ ክፍሉ ቢመለስ ከሳጥን ይልቅ የሚገባው ቦታ ያ ነው።

ሜሪ ፒከርስጊልና ግሬስ ዊሸር በቢራ መጥመቂያው ወለል ላይ ተንበርክከው ሲሰፉ ሥራቸው ለሁለት መቶ ዓመት ይጠበቃል ብለው አላሰቡም ይሆናል። ያስጠበቀው ወታደሩ በሥሩ የፈጸመው ተግባርና ያን ተግባር ሳያቋርጥ ለተከታዩ ትውልድ የነገረ ሰው ነው። ተግባሩን የእኛ ሠራዊት አላጎደለም፤ የሚቀረን መጻፍ ብቻ ነው።