ትውልዱን ስለሚደብቅ ሰው

ሰው ከተወለደበት ዝቅታ ተነሥቶ ከፍ ለማለት መድከሙ የተመሰገነ ነው፤ ከፍ ካለ በኋላ የተነሣበትን ሥፍራ ለመካድ የሚደክመው ድካም ግን ከንቱ ነው። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔው ራሴ ስለ ወደቅሁበት ነው።

የተወለድሁት በወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ አጠገብ ነው። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጀበናና ምጣድ፣ ድስትና እንስራ እየሠራች በሐይቅ ገበያ ትሸጥ ነበር፤ ያስተማረኝም የዚያ ጭቃ ዋጋ ነው። በአገራችን ግን ሸክላው ይወደዳል እንጂ ሠሪዋ አትወደድም። ወጡን በድስቷ ሠርቶ የሚበላው ሰው እርስዋን «ቡዳ» ብሎ ይሸሻታል፤ ከልጇም ጋር አይጋባም።

ሥራ ይዤ አዲስ አበባ በገባሁ ጊዜ ሰዎች «ከእነማን ወገን ነህ?» እያሉ ጠየቁኝ። የአምባሰል ገዦች ጃንጥራር ይባሉ እንደ ነበረ፣ እቴጌ መነንም የጃንጥራር አስፋው ልጅ እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። እኔም «የጃንጥራሮቹ ወገን ነኝ» አልሁ። አንዱን ውሸት ለመጠበቅ ሌላ ውሸት ዘበኛ አቆምሁለት።

አንድ ቀን ላገባት ያጨኋት ልጅ ዘመዶች ከቤቴ ተቀምጠው ሳሉ፣ እናቴ በነጠላ የጠቀለለችውን ጀበና ይዛ ከበር ቆመች። «እኚህ ማን ናቸው?» ቢሉኝ «የአገሬ ሰው ናቸው፤ ጎረቤታችን ነበሩ» አልሁ። እናቴ አንድ ጊዜ አየችኝ። ከዚያም ጎንበስ ብላ፣ «እንደምን ሰነበቱ ጌታዬ? እናትዎ ሰላም ብለውዎታል» አለችኝ።

የወለደችኝ እናት አንቱ አለችኝ። ብትሰድበኝ በቀለለኝ ነበር። ውሸቴን ከእኔ ይልቅ አሳምራ ጠበቀችልኝ፤ ጀበናውንም አስቀምጣ ሄደች። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ለልጅቱ ዘመዶች እውነቱን ነገርኋቸው፤ ጋብቻውም ፈረሰ።

ዐፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ካሣ ይባሉ የነበሩት እኒህ ሰው በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ስማቸውን ቴዎድሮስ አሰኙ፤ ትውልዳቸውንም ከዳዊትና ከሰሎሞን ቈጠሩ። ነገር ግን በ1860 ዓ.ም. በእኛው ወሎ፣ በመቅደላ ከሞቱ ወዲህ ሕዝብ የሚያደንቃቸው ስለ ቈጠሩት ትውልድ አይደለም፤ በገዛ ጉልበታቸው ስለ ተነሡ ነው። ያ ኮሶ ዛሬ ስድብነቱ ቀርቶ ምስጋና ሆኖላቸዋል።

ወደ ሐይቅ ስመለስ እናቴን ገል ስትወቅጥ አገኘኋት። «እማዬ፣ ማሪኝ» ብዬ ከእግሯ ወደቅሁ። «አብሽር ልጄ፤ ተነሥ» አለችኝ፤ ሌላ አልተናገረችም። አጠገቧ ተቀምጬ እንደ ልጅነቴ ገሉን አብሬአት ወቀጥሁ። «ይህን አሮጌ ስባሪ ከአዲሱ ጭቃ የምትጨምሪው ለምንድን ነው?» ብላት፣ «አዲሱ ጭቃ ብቻውን እሳት አይችልም፤ ይሰነጠቃል» አለችኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ራስህን አዲስ አድርገህ ብትሠራ ማንም አይከለክልህም። ግን የድሮውን ገል አትጣለው፤ ወቅጠህ ጨምረው። እሳቱ ለማንም አይቀርምና።