ወደ ደምቢ ዶሎ የተመለሱት ፕሬዝዳንት

እኛ የሲናና ልጆች የስንዴ ዋጋ ሲጠይቁን ፈጥነን እንመልሳለን፤ "ፓርላማ የሚወክላችሁ ማነው?" ሲሉን ግን እርስ በርስ እንተያያለን። ፎቶው በምርጫ ሰሞን ሮቤ አስፋልት ዳር ተለጥፎ ነበር፤ ከዚያ ዝናብ ወሰደው።

ይሄ ወሬ በተነሳ ቁጥር ትዝ የሚሉን ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ናቸው። የባሌ ሳይሆን የወለጋ ሰው ነበሩ። ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. ርዕሰ ብሔር ሆነው አገልግለዋል፤ ሕገ መንግሥቱ በታወጀበት አዋጅ ግርጌ ያለው ስም የሳቸው ነው። በ1993 ከኦህዴድ ተለያዩ። ከሥልጣን ሲወርዱ ደግሞ አዲስ አዋጅ ወጣ፤ የቀድሞ ፕሬዝዳንት ጥቅማ ጥቅም የሚያገኘው ከፓርቲ ፖለቲካ ከራቀ ብቻ ነው የሚል። እስቲ አስቡት፣ በዚያ ዕድሜ ማን ቤቱንና ጡረታውን ይነካል?

እሳቸው ነኩት። በ1997 ምርጫ ያለ ፓርቲ፣ በግል ተወዳደሩ፤ ደምቢ ዶሎም መረጣቸው። ቤተ መንግሥት የኖረ ሰው ከ547 ወንበሮች አንዷ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። የአንድ ሰው ድምፅ አዋጅ እንደማይጥል ጠፍቷቸው አይመስለንም። ጥቅማ ጥቅሙ ቀረባቸው። እሳቸው ግን አልተዉም፤ በኋላ የአንድነት ፓርቲ ሊቀመንበር ሆኑ። ሚያዝያ 2011 ጀርመን አገር አረፉ።

ሲናና ላይ በግል ለመወዳደር የሚደፍር ካለ ብቅ ይበል። ጋዜጠኝነት ተመርቀን ቁጭ ብለናል፤ ዜናውን እኛ እንሠራለታለን።