ጠዋት አንድ ብርጭቆ ሻይ

ጭቃው ደረቀ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ገቡ፣ መስከረምም ተጋመሰ። ዛሬ ከበሽታ ትንሽ ራቅ ብዬ ስለምወደው ነገር ልጻፍላችሁ። ብዙ ርቄ መቆየት እንደማልችል ግን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ታካሚዎቼን ስኳር ቀንሱ፣ ጨው ቀንሱ፣ ይህን አቁሙ፣ ያንን ተዉ ብዬ ስጨርስ፣ አንዳንዶቹ ሊወጡ በሩ ላይ ደርሰው ዞር ይሉና "ቆይ ዶክተር፣ አንቺ ራስሽ ጠዋት ምን ትጠጫለሽ?" ይሉኛል። ጥያቄው ፈተና እንደሆነ ይገባኛል። መልሴ ሻይ ነው። ቡናም እወዳለሁ፤ ቡና ግን ሰው ይፈልጋል፤ ጎረቤት፣ ወሬና ሦስት ዙር ይፈልጋል። ሻይ ለብቻም ይሆናል።

አዲስ አበባ በመስከረም ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አሁንም ይበርዳል፤ ግን የሐምሌና የነሐሴ ብርድ አይደለም። ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ የከረመው የግቢያችን ግድግዳ ላይ ፀሐይ ስታርፍ እንፋሎት ሲነሳ ይታያል። ከጎረቤት አጥር ሥር አደይ አበባ ፈንድቷል። ለሥራ ከመውጣቴ በፊት 20 ደቂቃ አለችኝ። ስልኬን መኝታ ቤት ትቼው ነው ወደ ማድ ቤት የምሄደው። ሻይን ያለ ስኳር ከመልመድ ይልቅ ያለ ስልክ መልመድ ነው የከበደኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ትንሿን በራድ በሙቅ ውሃ አለቀልቃታለሁ። ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ አንድ ስባሪ ቀረፋ፣ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ፣ አንዳንዴም አንድ ፍሬ የተሰበረ ሄል። መጀመሪያ የሚፈላው ቅመሙ ነው። ሽታው ቤቱን ሲሞላ እሳቱን አጠፋና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቅጠል ጨምሬ እከድነዋለሁ። 3 ወይም 4 ደቂቃ ይበቃዋል። ቅጠሉ የአገራችን ነው፤ ከካፋ ውሽውሽ ወይም ከኢሉ አባ ቦር ጉመሮ የሚመጣ። አጥልዬ ከእናቴ ቤት ባመጣኋት፣ ጠርዟ ላይ የወርቅ ቀለም መስመር ባላት ብርጭቆ እቀዳና በማስቀመጫዋ ይዤ ወደ በረንዳ እወጣለሁ። በቃ፣ ሥርዓቱ ይኸው ነው።

ቅጠሉን ከእሳት ካወረድኩ በኋላ የምጨምረው ለጌጥ አይደለም። ቅጠል ረጅም ጊዜ ሲንተከተክ ታኒን የሚባለው ንጥረ ነገር በብዛት ይወጣና ሻዩ ይመራል። ሲመር ደግሞ ስኳር ይጠራል። ብዙዎቻችን ስኳር የምናበዛው ጣፋጭ ስለምንወድ ሳይሆን ሻያችን ስለመረረን ይመስለኛል። ቀረፋና ቅርንፉድ ስኳር የላቸውም፤ ሽታቸው ግን ምላስን ያባብላል።

ሻይ እንዲህ ያደርጋል፣ ያንን ይፈውሳል፣ ሰውነት ያጥባል የሚሉ ጽሑፎች እንደምታነቡ አውቃለሁ። እኔ እንደዚያ አልላችሁም። ሰውነት የማጠቡን ሥራ ኩላሊትና ጉበት በነፃ ይሠሩታል። ያለ ስኳር የተጠጣ ሻይ ካሎሪ የለውም ማለት ይቻላል፣ የሚያነቃቃው ካፌይንም አብዛኛውን ጊዜ ከቡናው ግማሽ ገደማ ነው። ከዚህ በላይ የማገኘው ነገር ቢኖር ቁጭ ማለቱ ነው። ሌላ ሰው ሳይጠራኝ፣ ራሴን አሞኝ እንደሆነ፣ እንቅልፌ በቅቶኝ እንደሆነ የማውቀው በዚያች ሰዓት ነው። ክሊኒክ የሚመጡ እናቶች "ከመቼ ጀምሮ ነው ያመመሽ?" ስላቸው "እኔ እንጃ፣ ልብ አላልኩትም" የሚሉኝ ልብ ለማለት የሚቀመጡበት ደቂቃ ስለሌላቸው ነው።

አሁን ወደ ስኳሩ ልመለስ፤ እዚህ ላይ ጉዳዩ የራሴም ቤት ነው።

እናቴ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም እንዳለባት የታወቀው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ውጤቱን ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ዓይኗ ወይም ስለ ኩላሊቷ አልነበረም። "ሻይም ልትከለክሉኝ ነው?" ነበር ያለችው። ድምጿ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እሷ ባሏን ቀብራ፣ ልጆቿን ድራ ብቻዋን ስትቀር ጠዋት የሚያስነሳት ያ በራድ ነው። የሚከለከል ነገር ሲበዛበት ሰው ሐኪሙን መስማት ያቆማል፤ እናቴን ደግሞ አውቃታለሁ። ስለዚህ ሻይሽ የራስሽ ነው፣ የምንነጋገረው ስለ ስኳሩ ብቻ ነው አልኳት።

ቁጭ ብለን ቆጠርን። በብርጭቆ 3 ማንኪያ፣ በቀን 4 ብርጭቆ። አንድ ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው፤ በቀን 48 ግራም መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለው ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 50 ግራም ማለት ነው። ከ5 በመቶ በታች ማለትም ከ25 ግራም በታች ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው ይላል። ይህ ሕመም ለሌለበት ሰው የወጣ ልክ ነው። እናቴ ለስላሳ ሳትጠጣ፣ ብስኩት ሳትነካ በሻይ ብቻ ጣሪያው ላይ ደርሳ ነበር። ግራሙ አላስደነገጣትም። በ365 ቀን አባዝቼ "በዓመት 17 ኪሎ ተኩል ነው" ስላት ግን ቀና ብላ "በዚህ ዋጋ!" አለች።

ማርስ? ብላችሁ የምትጠይቁኝ አላችሁ፤ እሷም ጠይቃኛለች። ማርም ከዚሁ ሒሳብ ውስጥ ይገባል።

በአንድ ቀን አላስተውናትም። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ብቻ ቀነስን፤ ምላስ ጊዜ ከሰጡት ይለምዳል። ቅጠሉም በኋላ እንዲገባ አደረግን። ከሁሉ ያስቸገረን ግን እንግዳ ነበር። እናቴ ቤት ለእንግዳ ስኳር አሳንሶ መቅዳት ንፍገት ነው፤ እንግዳውም ስኳር የሌለበት ብርጭቆ ፊቷ ሲያይ "ምነው፣ አመመሽ እንዴ?" ይላል። መፍትሔውን ያገኘችው ራሷ ናት። ስኳሩን በክዳን ዕቃ ከነማንኪያው ትሪው ላይ አድርጋ ለየብቻ ማቅረብ ጀመረች። ይህ ደግሞ የበለጠ ያምራል፤ ሁሉም በልኩ ያደርጋል፣ እሷም ምንም ማስረዳት አይጠበቅባትም።

ዛሬ በቀን ሁለት ብርጭቆ፣ በየብርጭቆው ግማሽ ማንኪያ ላይ ቆማለች። ከዚያ አልወርድም ብላለች፤ እኔም ትቻታለሁ። ይህን ስጽፍ የሚቆጡኝ የሙያ ባልደረቦች እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ ከ48 ግራም 4 ግራም ላይ የደረሰች እናት ያላቸው ይቆጡኝ።

አንድ ጥንቃቄ። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የምትወስዱ ሰዎች፣ ስኳሩን በብዛት ከመቀነሳችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ የመድኃኒቱ መጠን ሊስተካከል ይገባው ይሆናል፤ አለበለዚያ የደም ስኳር ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ድንገት ላብ ላብ ካላችሁ፣ እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ፣ ልባችሁ ከመታ፣ ያን ጊዜ ስኳር መድኃኒት ነው፤ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ። ሻይ እስኪፈላ አትጠብቁ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ወደ ጤና ተቋም ነው የሚወሰደው።

ሌላው ነገር ሻዩ የሚጠጣበት ሰዓት ነው። የእኔ ሻይ ከቁርስ ቀድሞ ነው የሚጠጣው፤ ቁርሴን ሥራ ቦታ ደርሼ እበላለሁ። ያ ታኒን ያልኳችሁ ነገር ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከአትክልት የምናገኘውን ብረት አንጀት ውስጥ ይይዘውና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት የሚያገኘውን ብረት ከግማሽ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። ምስርና ጎመን በልታ ላዩ ላይ ወዲያው ሻይ የምትጠጣ ሴት ከብረቱ ብዙውን አታገኘውም። በየወሩ ደም ለሚፈሳት፣ እርጉዝ ለሆነች ወይም ለምታጠባ ደግሞ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ድካም፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ሽፋን ውስጡ መንጣት፤ ይመረመርና ደም ማነስ ይሆናል። የብረት ክኒን ታዞላት "ስወስደው ከረምኩ፣ ግን አልተሻለኝም" የምትለኝን ሴት መጀመሪያ የምጠይቃት "በምን ነው የምትውጪው?" ብዬ ነው። "በሻይ" የሚል መልስ ስንቴ እንደሰማሁ አልቆጠርኩም። ክኒኑን በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ዋጡት፤ ሻይና ቡና ከምግብም ከክኒኑም ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ። ለእንቅርት ሌቮታይሮክሲን የምትወስዱም እንዲሁ በባዶ ሆድ በውሃ ብቻ ውጡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ጠብቁ።

ትምህርት በተከፈተበት በዚህ ወር ደግሞ የማልፈው ነገር አለ፤ የልጆች ሻይ በዳቦ። ጠዋት ሰርቪስ ሊያመልጥ ነው፣ ልጁ እንቅልፍ ላይ ነው፣ ዳቦ በሻይ ነክሮ መስጠት ቶሎ ያልቃል፤ እናቶችን አልወቅስም። ግን ሻይ ለትንሽ ልጅ ሆድ መሙያ እንጂ ምግብ አይደለም። ያ ልጅ ያገኘው ነጭ ዳቦና ስኳር ነው፣ ትንሽ ብረት ቢኖርበትም ሻዩ ይዞበታል። የተቀቀለ እንቁላል፣ ማታ ተዘጋጅቶ ያደረ ቂንጬ ወይም አጥሚት ቢሆን ይሻላል። ልጁ የሚፈልገው ሙቅ ነገር ከሆነ ወተት በቀረፋ አሙቁለት።

ስለ ሙቀቱ በአጭሩ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ መጠጥ፣ ሻይም ሆነ ሌላ፣ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከሚባሉት ተርታ አስገብቶታል። ይህ ካንሰር በአገራችን በተለይ አርሲና ባሌ አካባቢ በብዛት ይታያል፤ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ትኩስ ነገር መልመድ ግን በቀላሉ የሚቀር ነው። ብርጭቆአችን እጀታ የሌለው መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ጣቶቻችሁ ሊይዙት ካልቻሉ ጉሮሮአችሁም አይችለውም፤ ጠብቁት።

የመጨረሻው ጦስኝ ነው። በመንዝና በባሌ ተራሮች በራሱ የሚበቅለውን ይህን ቅጠል እኔም እወደዋለሁ፤ ሻይ ቅጠል ሲያልቅብኝ እሱን ብቻ አፍልቼ እጠጣለሁ። ችግሩ "ግፊት ይቀንሳል" ተብሎ ክኒን ሲያስጥል ነው። የደም ግፊትን ክኒን ይተካል የሚያሰኝ በሰው ላይ የተረጋገጠ ማስረጃ አላየሁም። ግፊት ደግሞ ሳያሳምም ይቆይና አንድ ቀን ስትሮክ ሆኖ ይመጣል። ቤታችሁ መለኪያ ካለ ጠዋት ከሻይም ከቡናም በፊት 5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀምጣችሁ ለኩ፤ ከጠጣችሁ ደግሞ ቢያንስ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

በሐምሌ ወር አንድ አባት መጥተው ነበር፤ ክኒናቸውን ትተው ጦስኝ ብቻ ይጠጡ ነበር። ስለካቸው 178 በ104። ጦስኙን አልከለከልኳቸውም። "አባባ፣ ጦስኝዎን ይጠጡ፤ ክኒኑን ግን ከብርጭቆው አጠገብ ማስቀመጫው ላይ ያድርጉት፤ መጀመሪያ እሱን በውሃ ይዋጡና ከዚያ ጦስኙን ይጠጡ" አልኳቸው። እሺ ብለው ሄዱ። ባለፈው ሳምንት ተመልሰው መጡ፤ 138 በ86። "አየሽ ልጄ፣ ጦስኙ ሠራ!" አሉኝ። ክኒኑን አንድም ቀን እንዳላጓደሉ ጠየቅኳቸው፤ አላጓደሉም። የሁለት ወሩን ክኒን አዝዤላቸው ቀጠሮአቸውን ጻፍኩ።