የጠራ መስተዋት

በሐዋሳ ከተማ ተወልዶ ላደገ ሰው ውርጭ በወሬ የሚታወቅ ነገር ነው። ከተማችን በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በሐይቅ ዳር የተቀመጠች ስለሆነች ሌሊቷ ቢቀዘቅዝ እንኳ ውሃ እስኪረጋ አይደርስም። በመሆኑም የሐዋሳ ሾፌር ማለዳ ተነሥቶ የመኪናውን ጎማ፣ ዘይትና ውሃ ሲመለከት፣ ስለ ፊት መስተዋቱ የሚያስበው አቧራውን ለማራገፍ ያህል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ መኪና ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄድ ነገር ነውና የአንዱ አገር አየር ለሌላው አገር መንገድ ዋስትና ሊሆን አይችልም። ከሐዋሳ በጠዋት የተነሣ መኪና ከሻሸመኔ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ፣ ኮፈሌን፣ ዶዶላንና አዳባን አልፎ በዚያው ዕለት የባሌን ደጋ ይረግጣል። ከሞቃቱ ሸለቆ እስከ ውርጩ አገር ያለው ርቀት እንግዲህ የአንድ ቀን መንገድ ነው።

እኔም በሥራዬ ምክንያት በዚህ መንገድ ደጋግሜ ተመላልሻለሁ። በምልልሴም አንድ ነገር አስተውያለሁ። የመኪና ፍሬን ሲበላ ይጮኻል፤ ጎማ ሲተነፍስ መሪው ይጎትታል፤ ሞተር ከመጠን በላይ ሲግል እንፋሎቱ ይታያል። መስተዋት ግን ሲደበዝዝ ድምፅ የለውም። ጥቂት በጥቂት ስለሚጨልም ዐይን ይለምደዋል፤ ሾፌሩም ያላየውን ነገር እንዳላየ አያውቅም። ዋናው አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የመስተዋት መደብዘዝ ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። አየር በዐይን የማይታይ የውሃ ተን በውስጡ ይይዛል። ሞቃት አየር ብዙ ተን ሊሸከም ሲችል ቀዝቃዛ አየር የሚሸከመው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሞቃትና እርጥብ አየር ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ መሸከም ያቃተውን ተን በጤዛ መልክ ያራግፈዋል። ለዚህ ምሳሌ ለማግኘት ባሌ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ በሐምሌ ዝናብ በሐዋሳ ሚኒባስ ታክሲ የተሳፈረ ሁሉ ያየዋል። ተሳፋሪው ከረጠበ ልብሱና ከጃንጥላው ጋር ተጠጋግቶ ይቀመጣል፤ ዝናቡ እንዳይገባም መስኮቱ ሁሉ ይዘጋል። ትንፋሹና የልብሱ እርጥበት በዝናብ የቀዘቀዘውን መስተዋት ሲነካው መስተዋቱ በውስጥ በኩል ጉም ይለብሳል። ረዳቱ ጨርቅ ይዞ ይወለውላል፤ የወለወለው ግን ወዲያው ተመልሶ ይደበዝዛል። የተጠረገው በመስተዋቱ ላይ ያለው ውሃ እንጂ በመኪናው ውስጥ የታፈነው እርጥብ አየር አይደለምና። መድኃኒቱ መስኮቱን በጥቂቱ ገርበብ ማድረግ፣ የአየር መንፊያውንም ከውጭ እንዲስብ አድርጎ ወደ መስተዋቱ ማዞር ነው።

ውርጭ የዚህ የጤዛ ታላቅ ወንድም ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት በደጅ ያደረ መስተዋት ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአካባቢው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ቅዝቃዜው ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ አየሩ የያዘው ተን በጤዛ ፈንታ በረዶ ሆኖ ይለጠፍበታል። ደመና ሙቀትን እንደ ብርድ ልብስ ስለሚይዝ፣ በደጋው አገር ውርጭ የሚበረታው በዝናቡ ወራት ሳይሆን ሰማዩ በሚጠራበት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ከፍታም ይጨመርበታል። አንድ ሺህ ሜትር ሽቅብ በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። ከሐዋሳ ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሰኔቲን አምባ የሚወጣ ሰው 2,300 ሜትር ያህል ሽቅብ ስለሚጓዝ፣ በከፍታው ብቻ የ15 ዲግሪ ልዩነት ይጠብቀዋል።

በአንድ የታኅሣሥ ወር አራት ሆነን ከሐዋሳ ወደ ባሌ ስንጓዝ ዲንሾ ላይ አደርን። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት፣ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኝባት አነስተኛ ከተማ ናት። ፓርኩ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሾፌራችን ዕድሜው የገፋ፣ ንግግሩ ጥቂት የሆነ ሰው ነበር። ከእራት በፊት የመኪናውን ፊት ፀሐይ ወደምትወጣበት አቅጣጫ አዞረ፤ የዝናብ መጥረጊያዎቹን ከመስተዋቱ ላይ አንሥቶ አቆማቸው፤ ከሱቅ የለመነውንም ካርቶን ዘርግቶ መስተዋቱን ሸፈነ። ካርቶኑ ግን አጭር ስለነበረ የሸፈነው በመሪው በኩል ያለውን እኩሌታ ብቻ ነበር።

ጠዋት ስንነሣ ሣሩም፣ ጣሪያውም፣ መኪናውም ነጭ ሆኖ አደረ። ካርቶኑ ሲነሣ የመስተዋቱ ግራ እኩሌታ ጥርት ብሎ ታየ፤ ቀኙ ግን በውርጭ ተጋግሮ ነበር። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ የሞቀውን አየር ወደ መስተዋቱ ለቀቀ፤ ከዚያም ጠርዙ ቀጥ ባለ የፕላስቲክ ቁራጭ ውርጩን ከዳር ጀምሮ ይፍቅ ጀመር። ከመካከላችን አንዱ ወጣት በብርዱ ተማርሮ፣ «ጋሼ፣ ከሻይ ቤት የፈላ ውሃ ላምጣና ባንድ ጊዜ እናቅልጠው» አለው።

«የፈላ ውሃ የቀዘቀዘ መስተዋት ላይ አይፈስስም፤ ይሰነጥቀዋል» ሲል መለሰለት።

ነገሩ እውነት ነው። መስተዋት በአንድ በኩል በድንገት ሲግል ያ ክፍል ይለጠጣል፤ ቀዝቃዛው ክፍል ግን እንደነበረ ይቆያል። በሁለቱ መካከል በሚፈጠረው ጉተታ መስተዋቱ ይሰነጠቃል። ባይሰነጠቅም የፈሰሰው ውሃ ጥቂት ቆይቶ ራሱ ይረጋል።

ወጣቱ ግን አልታገሠም። «እንግዲያው በእርስዎ በኩል ጠርቷል፤ እንሂድ። የቀረው በመንገድ ላይ ይቀልጣል» አለ።

ሾፌሩ መፋቁን ሳያቋርጥ፣ «ልጄ፣ በመንገድ ላይ ይቀልጥ ይሆናል። እስኪቀልጥ ድረስ በመንገዱ ላይ ያለው ሰው ምን ይሁን?» አለው። ከዚያ በኋላ ማንም አልተናገረም። ሥራው ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። የፊቱ መስተዋት ሲጠራ የጎኑንና የኋላውን መስተዋት ጨመረበት።

ከዲንሾ ወደ ሮቤ የሚወስደው መንገድ ወደ ምሥራቅ ስለሚሄድ የማለዳ ፀሐይ ፊት ለፊት ትገጥማለች። በመስተዋት ላይ የቀረች ጥቂት ውርጭ ወይም ቅባት ያን ብርሃን በትና ፊትን ሁሉ ነጭ መጋረጃ ታደርገዋለች። በአንድ ጠመዝማዛ ላይ፣ ዕድሜው ከአሥር ዓመት የማይበልጥ ጋቢ የለበሰ ልጅ ጭነት የተጫነ ፈረስ እየሳበ ከመንገዱ ቀኝ ዳር ብቅ አለ። ፈረሱ በመኪናው ድምፅ ደንብሮ ወደ መሐል ገባ፤ ልጁም ገመዱን ሳይለቅ ተከትሎት ገባ። ሾፌሩ ገና ከሩቅ አይቶት ስለነበረ ፍሬኑን በዝግታ ይዞ መኪናውን አቆመ። ልጁ ፈረሱን አረጋግቶ ተሻገረና እጁን አንሥቶ ሰላምታ ሰጠን።

የወጣው ከቀኝ በኩል፣ ጠዋት በውርጭ ተጋግሮ ከነበረው እኩሌታ በኩል ነበር። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንዲት ሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ ልጁን ለማየት ሦስት ሴኮንድ ቢዘገይ ኖሮ መኪናው ከ40 ሜትር በላይ ይሄድ ነበር። በእኛና በልጁ መካከል የነበረው ርቀት ያን ያህል መሆኑን እጠራጠራለሁ። ወጣቱ ጓደኛችን እስከ ሮቤ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ጎባን አልፈን ሰኔቲን ስንወጣ ደግሞ ሌላ ነገር ተመለከትሁ። በቆመበት የጠራ መስተዋት በጉዞ ላይ ሳለ እንደገና ሊደበዝዝ ይችላል፤ ከፍታው በጨመረ መጠን አየሩ ይቀዘቅዛል፤ የመኪናውም ፍጥነት የሚያመጣው ነፋስ የመስተዋቱን ሙቀት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ንጹሕ ውሃ መርጨት ጉዳት አለው፤ የተረጨው ውሃ በመስተዋቱ ላይ ሊረጋ ይችላልና። ሾፌራችን በመርጫው ውሃ ውስጥ አልኮል ጨምሮበት ነበር፤ አልኮል የተቀላቀለበት ውሃ ቶሎ አይረጋም። ከዚህም ሌላ ሞቃቱን አየር ከመስተዋቱ ላይ ሳያነሣ፣ የጎኑን መስኮት አንድ ጣት ያህል ከፍቶ ነበር የሚነዳው። የረጠበ ጫማና ብርድ ልብስም ከኋላ በጭነቱ ላይ እንዲቀመጥ አደረገ። በአምባው ላይ የቆሙትን የጅብራ ተክሎች እያሳየን፣ ቅጠላቸውን ማታ ማታ ሰብስበው ለጋ ቡቃያቸውን ከውርጭ እንደሚጠብቁ ነገረን። ተክሉ ውርጩ ሳይመጣ ይዘጋጃል።

መስተዋትን የማጥራት ነገር የሰውን ልጅ ሲያሳስብ የኖረ ነው። አሜሪካዊቷ ሜሪ አንደርሰን በኒውዮርክ ከተማ በክረምት ስትጓዝ፣ የኤሌክትሪክ ባቡር ነጂው በረዶ መስተዋቱን እየሸፈነበት ሲቸገር ተመልክታ ከውስጥ ሆኖ በእጅ የሚንቀሳቀስ መጥረጊያ ፈለሰፈች፤ እ.ኤ.አ. በ1903ም የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘች። ዛሬ በብርዳም አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን በክረምት ማለዳ ውርጭ ፍቀው ነው ወደ ሥራ የሚሄዱት። በብሪታንያና በጀርመን በመስተዋቱ ላይ ለዐይን የምትበቃ ቀዳዳ ብቻ ፍቆ መንዳት በሕግ ያስቀጣል። ሕጉ የተደነገገው ሾፌሩን ለማስጨነቅ ሳይሆን በመንገድ ዳር የሚሄደውን እግረኛ ለመጠበቅ ነው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ አባቶቻችን። የፈሰሰ እህል ግን ሊለቀም ይችላል፤ በመንገድ ላይ የፈሰሰ ደም አይለቀምም። መኪና የሚነዳ ሰው መስተዋቱን የሚያጠራው ለራሱ ዐይን ምቾት ብቻ መስሎ ሊታየው ይችላል። በእውነቱ ግን የመስተዋቱ ጥራት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው በመኪናው ውስጥ ለሌለው ሰው ነው፤ ፈረስ ለሚስበው ልጅ፣ ከገበያ ለምትመለሰው እናት፣ ደብተሩን ይዞ ለሚሻገረው ተማሪ። እነርሱ መስተዋቱ ይጥራ ብለው ሾፌሩን ሊለምኑት አይችሉም፤ ማን እንደሚመጣባቸውም አያውቁም። ስለሆነም ያን ሩብ ሰዓት ሳይጠየቅ ሊሰጣቸው የሚገባው ሾፌሩ ነው።