ዜሮ ሆኖ እንዴት ይሄዳል?

ይድረስ ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣

እናትሽ ስትደውል ጥያቄሽን ነገረችኝ፦ መኪና ፍጥነቱን ሳይቀይር ቀጥ ብሎ ሲሄድ በላዩ ያለው ድምር ኃይል ዜሮ ነው ከተባለ፣ ዜሮ ሆኖ እንዴት ይሄዳል? አታፍሪበት፤ ስንት ሊቅ የተጨቃጨቀበት ጥያቄ ነው። አርስቶትል የሚገፋው ያጣ ነገር መቆሙ አይቀርም ይል ነበር፤ ነገሩ የለየለት ኒውተን በ1687 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፉን ሲያሳትም ነው።

ሰሞኑን ለሥራ የአዲስ አበባን ዙሪያ ስዞር ነው የከረምኩት፤ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ። ሦስቱም ዛሬ ሸገር ከተማ በሚባለው ውስጥ ተጠቃለዋል። መልስሽን ከመንገድ ለቃቅሜ እነሆ ልኬልሻለሁ።

ከደብረ ማርቆስ ስትመጪ ዓባይን ተሻግረሽ፣ ጎሐ ጽዮንንና ፍቼን አልፈሽ፣ አዲስ አበባ ደጃፍ ላይ የምታገኚያት ሱሉልታ ናት። ሜዳዋ ሣር ነው፤ ድርቆሹ በአይሱዙ እየተጫነ ወደ ከተማ ይወርዳል። የእንጦጦን ጫፍ ካለፍሽ በኋላ እስከ አዲሱ ገበያ ድረስ ቁልቁለት ነው። እኔ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ድርቆሹን ቆልሎ ከሚወርድ አንድ አይሱዙ ኋላ ገባና ማለፍ አቃተው። ሹፌራችን ይነጫነጫል፣ እኔ ደስ ብሎኝ አያለሁ። አይሱዙው በከባድ ማርሽ ተይዞ፣ አልፎ አልፎ ፍሬን እየነካ፣ አይፈጥን አይዘገይ።

እስቲ ክብደቱን 8 ቶን፣ መንገዱን ደግሞ በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር የሚወርድ አድርጊው። ስበት በቁልቁለቱ ወደ ታች የሚጎትተው 480 ኪሎ በሚመዝን ጉልበት ነው፤ በኒውተን 4,700 ገደማ። ሞተሩ፣ ፍሬኑ፣ የጎማውና የአየሩ ሰበቃ ተባብረው ያንኑ 4,700 ወደ ኋላ ይይዙታል። ሲቀናነሱ ዜሮ። መኪናው ግን እየሄደ ነው! ዜሮ ማለት «እንደነበርክ ሁን» ማለት ነው፤ ቆሞ የነበረው እንደቆመ ይቀራል፣ ሲሄድ የነበረው በዚያው ፍጥነት በዚያው አቅጣጫ ይቀጥላል። ድምር ኃይል የሚያስፈልገው ፍጥነት ወይም አቅጣጫ ለመቀየር ነው። ያ አይሱዙ ማርሹም ፍሬኑም ቢለቁት፣ ሰበቃውን ብንተወው፣ በ20 ሰከንድ ውስጥ በፍጥነቱ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይጨመርበታል። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሽ ዜሮ አድርጎ ቁልቁለት የሚለቅ ሹፌር ሳይ ደሜ የሚፈላው ለዚህ ነው።

ቡራዩ ላይ ብዙ አላቆይሽም። በአምቦ መንገድ ከከተማዋ አለፍ ሲባል የገፈርሳ ግድብ አለ፤ ለአዲስ አበባ ውኃ ከሚሰጡት ነባሮች አንዱ። ውኃ 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ሲደርስ እያንዳንዱን ካሬ ሜትር በ10 ቶን ይገፋል፤ ግድብ ደግሞ በክብደቱና ከሥሩ ባለው መሬት ተደግፎ ያንኑ ያህል ይመልሳል። ዳር ቆመሽ ስታዪው ምንም የሚሆን ነገር የለም።

ሰበታ ላይ ግን ጋሪ ሲነሳ ቆሜ አየሁ። ሲሚንቶ የጫነ ነው። ባለጋሪው ልጓሙን ሲነካው ፈረሱ አንገቱን ደፍቶ፣ የኋላ እግሮቹን ተክሎ፣ ጡንቻው እስኪወጣጠር ሳበ፤ ጋሪው ተንቀሳቀሰ። አሥር እርምጃ ያህል ከሄደ በኋላ አንገቱን ቀና አድርጎ በዝግታ ይረግጥ ጀመር። ሲነሳ የፈረሱ ጉልበት ከሰበቃው በልጦ ነበር፤ መጽሐፍሽ ያልተመጣጠነ ኃይል የሚለው ይህን ነው። ኋላ እኩል ሆኑ። እኩል ሆኑ ማለት ፈረሱ አረፈ ማለት እንዳይመስልሽ፤ ሰበቃው እያለ መሳቡን ቢተው ጋሪው ወዲያው ይቆማል።

የጅቡቲው ባቡር መስመር የሚጀምረው ከዚሁ ከሰበታ ነው፤ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ መንገደኛ የሚሳፈረው ግን ከለቡ ነው። ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል ሰበቃው ትንሽ ስለሆነ፣ ባቡሩ አንዴ ፍጥነቱን ከያዘ ከክብደቱ አንጻር ጥቂት ጉልበት ይበቃዋል። ለማቆም ሲሆን ያው ትንሽነት ይጎዳል። ከብት ሐዲድ ላይ ሲገባ ባቡሩ እዚያው ቀጥ ማለት የማይችለው ስለዚህ ነው፤ ሰው ሹፌሩን ይራገማል።

አሁን ፈተና ላይ የምትያዢበትን ልንገርሽ። ሱሉልታ ቀነኒሳ በቀለ ያሠራው የመሮጫ ትራክ አለ። ቀነኒሳ በ1997 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ሲጨርስ በአማካይ በሰከንድ ከ6 ሜትር በላይ ሮጧል። በዚያ ፍጥነት 60 ኪሎ የሚመዝን ሯጭ ቀጥታው ላይ ፍጥነቱን ካልቀየረ ድምር ኃይሉ በአማካይ ዜሮ ነው። ኩርባው ላይስ? ሰዓቱን ብትይዢ ፍጥነቱ ያው ነው፤ አቅጣጫው ግን ይቀየራል። ስለዚህ ዜሮ አይደለም። ጫማው መሬቱን ወደ ውጭ ሲገፋ መሬቱ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ 66 ኒውተን ያህል፣ ወደ 7 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት። ሯጮች ኩርባ ላይ ወደ ግራ ዘንበል የሚሉት ለዚህ ነው። «ፍጥነቱ አልተለወጠምና ድምሩ ዜሮ» ብለሽ እንዳትመልሺ።

አንድ ሥራ ልስጥሽ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ አውቶቡስ ሳዪና ቀጥታው ላይና ጥምዝምዙ ላይ ያሉትን ኃይሎች በቀስት አሳዪኝ፤ የቀስቶቹን ርዝመት አትርሺ። ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። ለእናትሽና ለአያትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

አጎትሽ